«አቤት?» ማለት ያስቀረብኝ እንግሊዝኛ

የዛሬ ጥቂት ዓመት ስለ ቦሎቄ አዘራር ልዘግብ ወደ መልካሳ ወረድኩ። መልካሳ ከአዳማ ወደ አሰላ በሚወስደው መንገድ ላይ ናት፤ «አዋሽ መልካ» የተባለው ነጭ ቦሎቄ የወጣውም ከዚያው ከግብርና ምርምር ማዕከሉ ነው።

ማሳ ላይ አንድ የውጭ አገር ባለሙያ አገኘሁ። በመስመርና በመስመር መካከል ስንት ሳንቲ ሜትር እንደሚተው ነገረኝ። «ፎርቲ» ይበል «ፎርቲን» አልለየሁም። እኔ ግን «የስ፣ የስ» እያልኩ ጭንቅላቴን ነቀነቅኩ። 14 ብዬ ጻፍኩ።

ጽሑፉ በወጣ ማግስት ገበሬው አጎቴ ደወለልኝ። «ልጄ፣ በዚህ መሃል ማን ገብቶ ይኮተኩታል? እግሬንስ የት ላሳርፍ?» አለኝ። ትክክለኛው 40 ነበር። ማረሚያ አወጣሁ። አንድ ሰው እንኳ አምኖኝ ዘርቶ ቢሆን ኖሮስ?

እንግዲህ እኔ ዲግሪዬን በእንግሊዝኛ የተማርኩ ሰው ነኝ። ከ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ወዲህ እንግሊዝኛን ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንማራለን፤ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ደግሞ አብዛኛውን ሌላ ትምህርት የምንማረው በእሱ ነው። አክቲቭ ቮይስን ወደ ፓሲቭ ቮይስ መቀየር እናውቅበታለን። አልሰማሁም ማለትን ግን ማንም አላለማመደንም።

በአማርኛ ካልሰማን «አቤት?» እንላለን፤ ነውር የለውም። አዳማ ላይ አማርኛና አፋን ኦሮሞ ቀላቅለን ስናወራ ሰዋስው የሚቆጥርብን የለም። እንግሊዝኛ ላይ ስንደርስ ግን ፈተና ላይ የተቀመጥን ይመስለናል። ደግመን ከጠየቅን ማርክ የሚቀነስብን፣ አለመማራችን የሚጋለጥ ይመስለናል።

ከዚያ ወዲህ ከኪሴ የማይለዩ አረፍተ ነገሮች አሉኝ፦

«ሶሪ፣ ኩድ ዩ ሴይ ዛት አጌን?» — ይቅርታ፣ ይድገሙልኝ።
«ፎር ዜሮ ኦር ዋን ፎር?» — አራት ዜሮ ነው ወይስ አንድ አራት?
«ሶ፣ ዩ ሚን…» — እንዲህ ማለትዎ ነው? (የገባኝን መልሼ እነግረዋለሁ።)
«ጊቭ ሚ ኤ ሞመንት» — አንዴ ላስብ።

አንዳቸውም ከባድ ቃል የላቸውም። አፍ እስኪለምዳቸው ድረስ ግን ጮክ ብሎ መለማመድ ያስፈልጋል፤ በልብ የታወቀ አረፍተ ነገር በድንጋጤ ሰዓት አይወጣም። ደግሞ ሲጠየቅ የሚቆጣ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። አብዛኛው ራሱ ንግግሩን ዝግ ያደርግልኛል።

በራስ መተማመን የሚመጣው እንግሊዝኛ ሲያልቅልን ነው ብለን ከጠበቅን ዕድሜያችን ነው የሚያልቀው። ባልገባን ሰዓት የምንለው አንድ ነገር ካለን ለመጀመር ይበቃናል።

አጎቴ እንደሆነ ዛሬም ስሜን ትቶ «አሥራ አራት» ነው የሚለኝ።