የሕፃን እንቅልፍና የአባት ሰዓት

ስለ ትምህርትና ስለ ሥነ ጽሑፍ በሚጻፍበት ገጽ ላይ ስለ አንዲት የሁለት ዓመት ሕፃን እንቅልፍ መጻፍ ለአንዳንድ አንባቢ ነገርን ማቃለል መስሎ ይታየው ይሆናል። ዳሩ ግን ያለፈውን መጋቢትና ሚያዝያ ከማናቸውም የቢሮ ጉዳይ ይልቅ በዚሁ ነገር ተጨንቄ ስለ ሰነበትሁ ለመጻፍ ደፈርሁ።

ልጄ ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ሳይሆን ዓይኗን አትከድንም ነበር። ጥፋቱ የማን እንደ ነበረ አስቀድሜ ልናገር። ከቢሮ ወጥቼ፣ የታክሲውን ሰልፍ ጠብቄ ቤቴ የምደርሰው 2 ሰዓት ተኩል ግድም ነው። የበሩ ድምፅ ሲሰማ ልጅቱ እየሮጠች መጥታ ጉልበቴን ታቅፋለች። ቀኑን ሙሉ በወረቀት መካከል የዋለ ሰው እንዲህ ያለ አቀባበል ሲያገኝ ምን ያደርጋል? አነሣታለሁ፤ ፈረስ ሆኜ በምንጣፉ ላይ እሸከማታለሁ፤ የደከመኝ እንደ ሆነም ስልኬን እሰጣትና ሥዕል ስታይ አጠገቧ እቀመጣለሁ። ከዚያ በኋላ «ይህች ልጅ ለምን አትተኛም?» እያልሁ ባለቤቴን እጠይቃለሁ።

ባለቤቴ መምህርት ናት። ጧት 12 ሰዓት ተኩል ስትነሣ ልጅቱም አብራ ትነቃለች። አንድ ሌሊት የተማሪዎቿን ደብተር ስታርም እንቅልፍ ጥሏት ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ አገኘኋት። ልጅቱ ግን ቀዩን እስክሪብቶ ወስዳ የአንዱን ተማሪ ደብተር ታርምለት ነበር። ሣቅሁ፤ ወዲያውም ሣቁ ጠፋብኝ።

በዚያው ሌሊት ሒሳቡን ሠራሁ። የዓለም የጤና ድርጅት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2019 ያወጣው መመሪያ፣ ዕድሜው ከ1 እስከ 2 ዓመት የሆነ ሕፃን በ24 ሰዓት ውስጥ፣ የቀኑ እንቅልፍ ተጨምሮ፣ ከ11 እስከ 14 ሰዓት መተኛት እንዳለበት ይናገራል። የእኔ ልጅ ሌሊት 8፣ ቀን 2፣ በጠቅላላው 10 ሰዓት ብቻ ትተኛ ነበር። የቀኑም እንቅልፍ ከ9 እስከ 11 ሰዓት ስለ ነበረ የማታውን ይሰርቅባታል። ስልኩ ደግሞ ሌላ ጉዳት አለው። በአንጎል ውስጥ ያለች አንዲት ትንሽ ዕጢ ጨለማ ሲሆን ሜላቶኒን የሚባለውን ሆርሞን ታመነጫለች፤ ብርሃን ግን ይህን ሥራዋን ያግዳል። በሰሜን አውሮፓ የበጋ ምሽት ልጁን የሚያስተኛ ወላጅ መስኮቱን በወፍራም መጋረጃ መሸፈን ግድ ይሆንበታል። አዲስ አበባ ግን ለምድር ወገብ ቅርብ ስለ ሆነች፣ ክረምት ከበጋ ፀሐይ የምትጠልቅልን ከ12 ሰዓት በኋላ 1 ሰዓት ሳይሞላ ነው። ጨለማው በሰዓቱ ይመጣል፤ የምናባርረው እኛው ነን።

እናቴ ከደብረ ብርሃን መጥተው ነበርና መመሪያውን ባነበብሁላቸው ጊዜ ሣቁ። «ልጄ፣ አንተን በአንቀልባ አዝዬ እሹሩሩ ስል ሰዓት የት ነበረኝ? ዶሮ ቆጥ ላይ ሲወጣ አንተም ትተኛ ነበር» አሉኝ። በመጀመሪያ መመሪያውን የተቃወሙ መስሎኝ ነበር። ቆይቼ ሳስበው ግን ሁለቱም የተናገሩት አንድ ነገር ነው።

ከዚያ ወዲያ የቀኑን እንቅልፍ ከምሳ በኋላ ከ7 እስከ 8 ሰዓት ተኩል አደረግነው። ማታ 1 ሰዓት እራት፣ ቀጥሎ ለብ ባለ ውሃ መታጠብ፣ መብራቱን ቀንሶ አንድ ተረት፣ 2 ሰዓት ሲሆን መኝታ። ተረቱ በየማታው ያው የጦጣዋ ተረት ነው። እናቴ አንድ ቃል የለወጡ እንደ ሆነ ልጅቱ ታርማቸዋለች።

ከሁሉ የከበደው የእኔ ድርሻ ነበር፤ ይኸውም አለመታየት። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሌሊቶች «አባዬ!» እያለች በሩን እያየች አለቀሰች። ይህን በስልክ ሲነግሩኝ ሥራዬን ጥዬ ልሮጥ ቃጣኝ። በአራተኛው ቀን መንገዱ ቀንቶልኝ ልክ 2 ሰዓት ላይ ደረስሁ። የመኝታ ቤቱ መብራት ገና አልጠፋም። በሩን ብከፍት እንደምትነሣ አወቅሁና ጃንጥላዬን ዘርግቼ በዝናብ ከደጅ ቆምሁ። ጎረቤታችን ሲያልፉ «ምነው፣ ቁልፍ ጠፋብህ?» አሉኝ። «የለም፣ ልጅ እያስተኛሁ ነው» ብላቸው ራሳቸውን እየነቀነቁ ሄዱ። መብራቱ እስኪጠፋ 20 ደቂቃ ያህል ቆሜያለሁ።

አሁን ጧት 12 ሰዓት ከሩብ ላይ ራሷ ትነቃለች፤ ያችም ሰዓት የእኛ ሆናለች። ፈረሱ የሚጋልበው ከቁርስ በፊት ነው። ዛሬ ጧት የግራ እግር ጫማዬን ወስዳ ከእንጀራው ሞሰብ ውስጥ ደብቃው ኖሮ ስፈልግ ቆይቼ ቢሮ የደረስሁት 10 ደቂቃ አርፍጄ ነው። በፊርማው መዝገብ ላይ «የመዘግየት ምክንያት» ከሚለው ሥር «የትራንስፖርት ችግር» ብዬ ጻፍሁ።