ቀን 3፦ በእግር

ለጃፓን ቪዛ ከሚቀርቡት ወረቀቶች መካከል አንድ ሠንጠረዥ አለ። ቀኑን፣ ውሎህን፣ ማደሪያህን በየረድፉ ትሞላለህ። "እግሬ ወደ መራኝ" የሚባል ነገር ቦታ የለውም። የምቆየው አምስት ቀን ስለሆነ አምስት ረድፍ ደርሶኛል። ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ ካለች ሻይ ቤት ጥግ ይዤ፣ ጋቢዬን እስከ ጆሮዬ ተከናንቤ መሙላት ጀመርኩ። ውጭ ጉሙ ገና ከመሬት አልተነሣም፤ ከመንገዱ የሚታየው የባጃጆቹ መብራት ብቻ ነው። ሁለቱ ረድፎች ቶሎ አለቁልኝ። ሦስተኛው ላይ እስክሪብቶዬ ቆመ።

ምክር አጥቼ አይደለም። ቶኪዮን ረግጦ የማያውቅ ሁሉ መካሪ ሆኗል። ሺቡያ ሄደህ መንገድ ተሻገር ይሉኛል፤ መንገድ መሻገር እዚሁም በነፃ ነው። አሳኩሳ ያለውን የሰንሶጂ ቤተ መቅደስ እይ ይሉኛል፤ እሱን ቀን 2 ላይ ጽፌዋለሁ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ 634 ሜትር የሚረዝመው ስካይትሪ የሚባል ማማ ላይ ሳትወጣ እንዳትመለስ ብሎኛል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው የተቀመጠችው። ማማው ጫፍ ላይ ብንጠለጠል እንኳ ከዚህች ሻይ ቤት ወለል ከሁለት ሺህ ሜትር በላይ ዝቅ ብዬ ነው የምገኘው። የማማውን ገንዘብ ለሌላ ነገር አዋልኩት።

እኛ አገር ሰው ጃፓንን ያወቀው በማማ አይደለም። የመርሐቤቴው ተወላጅ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ከጅቡቲ በመርከብ ተሳፍረው፣ ሳምንታት ባሕር ላይ ከርመው ጃፓን ደረሱ። ሲመለሱም "ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን" የተባለውን መጽሐፋቸውን እዚያው ዓመት አሳተሙ። ሌላው የሰሜን ሸዋ ሰው ከበደ ሚካኤል በ1946 ዓ.ም. "ጃፓን እንደምን ሠለጠነች" የሚል መጽሐፍ አወጡ። የሁለቱም ጥያቄ ትልቅ ነበር፤ አገር እንዴት አገር ይሆናል የሚል ነው። ጥያቄው ዛሬም አልተመለሰም፤ እኔም በአምስት ቀን አልመልሰውም። የኅሩይ መጽሐፍ በታተመበት በዚያው በ1924 ዓ.ም.፣ ነሐሴ 1 ቀን፣ ከመንዲዳ አጠገብ ጃቶ በምትባል መንደር አንድ ልጅ ተወለደ። ሦስተኛው ረድፍ የእሱ ነው።

ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ከቀኑ 7 ሰዓት፣ በእኛ ደግሞ ገና ከጧቱ 1 ሰዓት ላይ፣ ያ ልጅ፣ አበበ ቢቂላ፣ ለኦሎምፒክ ማራቶን ከብሔራዊ ስታዲየሙ ወጥቶ ኮሹ ካይዶ በሚባለው ጥንታዊ ጎዳና ወደ ምዕራብ ሮጠ። ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ገና አምስት ሳምንት ቢሆነው ነው። ቾፉ ላይ ታጥፎ፣ በመጣበት ተመልሶ፣ ስታዲየም ገብቶ የጨረሰው በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ነው። ከዚያ ሣሩ ላይ ተጋድሞ እግሩን ወደ ላይ እየሰቀለ ሰውነቱን ማፍታታት ያዘ። እንግሊዛዊው ሂትሊና ጃፓናዊው ጹቡራያ ውድድሩን ሲጨርሱ ከአራት ደቂቃ በላይ አልፎ ነበር። ባዶ እግሩን ነበር የሚለኝ ሰው ዛሬም አይጠፋም። ባዶ እግሩን የሮጠው ሮም ላይ ነው፤ ቶኪዮ ላይ ጫማም ካልሲም አድርጓል።

ይህን የማወራው ለሰፈራችን ሽማግሌ ነበር። አበበ ቶኪዮ ላይ ሲሮጥ እሳቸው ከብት ጠባቂ ልጅ ነበሩ።

"ጃፓን ልትሄድ ነው አሉ" አሉኝ።

"አዎ አባባ፣ ለአምስት ቀን።"

"ለአምስት ቀንማ ምን ያደርግልሃል? ስንቅህ ሳያልቅ ልትመለስ!" አሉና ትንሽ ቆይተው፣ "አበበ የሮጠበትን ግን ታየዋለህ?"

"አየዋለሁ።"

"ስንት ነው መንገዱ?"

"አርባ ሁለት ኪሎ ሜትር ከምናምን።"

ከዘራቸውን መሬት ላይ ወዲያና ወዲህ አንሸራተቱ። "አንኮበር ማለት ነዋ" አሉ።

እንዴት እንዳላሰብኩት አላውቅም። ከደብረ ብርሃን አንኮበር አርባ ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ ስንት ጊዜ የተመላለስኩበት መንገድ ነው። በማግሥቱ ሠንጠረዡን ደረት ኪሴ ከትቼ፣ ልክ ከጧቱ 1 ሰዓት ላይ የአንኮበር ሚኒባስ ውስጥ ገብቼ ተቀመጥኩ። በቶኪዮ ሰዓት ውድድሩ ተጀመረ ማለት ነው።

ሚኒባሱ ግን አልተጀመረም። "አንድ ሰው ብቻ! አንድ ሰው ብቻ ነው የቀረው!" እያለ ረዳቱ ሲጮህ አርባ ደቂቃ ሄደ። አንድ ሰው የተባለው አምስት ሆኖ ገባ። አጠገቤ ያሉት እናት ዶሮ በዘንቢል ይዘዋል፤ ዶሮው በየኩርባው ራሱን አውጥቶ ክርኔን ይጠቀጥቀኛል። በሐሳቤ አበበ በዚህ ሰዓት 12ኛውን ኪሎ ሜትር አልፏል። አንዱን ኪሎ ሜትር በአማካይ በ3 ደቂቃ ከ8 ሰከንድ ነበር የሚጨርሰው።

ስንነሣ በስልኬ መቁጠር ጀመርኩ። የገብሱ አጨዳ ገና ነው፤ በድንጋይ ካብ የታጠረው ማሳ ላይ ውርጩ ነጭ ሆኖ ተኝቷል። ኩበቱ በየደጁ ተከምሯል። የበግ መንጋ መንገድ ዘጋብን፤ እረኛው ባናውን ደርቦ ዞር ብሎም አላየን። ወዲያው አንዱ "ወራጅ አለ" ይላል፣ ይወርዳል፤ ሁለት መቶ ሜትር ሳንሄድ ሌላው "ወራጅ!" ይላል። 21ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ስንደርስ ወደ መስኮት ተጠግቼ አየሁ። ምንም የለም። አንድ ባሕር ዛፍ፣ አንድ አህያ፣ የውኃ ጀሪካን የተሸከመች ልጅ። አበበ ከዚህ ቢሆን ታጥፎ ወደ ደብረ ብርሃን ይመለሳል፤ እኛ ቀጥ ብለን ወደ ገደሉ ሄድን። ጅብራው ሲጀምር ብርዱ ጨመረ፤ ከዚያ መሬቱ በድንገት አለቀና የአንኮበሯ ከተማ ጎረቤላ ታች ብቅ አለች።

ከሚኒባሱ ስወርድ ሰዓቴን አየሁ። 3 ሰዓት ከ5። ከነጥበቃው፣ ከነበጉ፣ ከነወራጁ፣ በሞተር ተጎትተን አበበን የቀደምነው በሰባት ደቂቃ ነው። ለረዳቱ ነገርኩት። "እሱ እኮ ሰው አልጠበቀም" አለኝ፤ እውነቱን ነው።

ቤተ መንግሥቱ ከነበረበት ኮረብታ ላይ ቁጭ ብዬ ዳቦ በላሁ። ታች በስተምሥራቅ የአልዩ አምባ መንገድ እየተጥመለመለ ወደ ቆላው ይወርዳል። በ1833 ዓ.ም. ካፒቴን ሃሪስ የሚመራው የእንግሊዝ መልእክተኞች ቡድን ከታጁራ ዕቃውን በግመል ጭኖ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሲመጣ እዚያ አልዩ አምባ ላይ ነው የቆመው። ወደ ንጉሡ ውጡ እስኪባሉ ድረስ ተቀመጡ፤ ዕቃቸውም ተይዞ ነበር። የያኔው ቪዛ መሆኑ ነው። ሠንጠረዡን ከኪሴ አውጥቼ አየሁት። ያኔ የእንግዳውን ፈቃድ የሚሰጠው ይህ ኮረብታ ነበር፤ ዛሬ የኮረብታው ልጅ የባንክ ደብተሩን ቅጂና የአምስት ቀን ውሎውን ይዞ አዲስ አበባ ኤምባሲ ደጅ ይሰለፋል። ቅር አላለኝም። ባለቤት እንግዳውን የት ትውላለህ ብሎ ቢጠይቅ ነውር የለበትም። አያቶቻችንም ጠይቀዋል።

ዕቅዱን እዚያው ጨረስኩት። ጊዜው ጥቅምት። እንደ ጥቅምቱ ሩጫ። በረራው በኢትዮጵያ አየር መንገድ፣ በሴኡል በኩል ናሪታ። ናሪታ ከቶኪዮ መሐል 60 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ ካለው መንገድ ግማሽ እንኳ አይሞላም፤ ከሁሉም የሚያሳስበኝ ግን ይኸው የራሳችን መንገድ ነው። አማን ነው ወይ ተብሎ ተጠይቆ ነው የሚወጣው፤ ስለዚህ ሦስት ቀን ቀድሜ አዲስ አበባ እገባለሁ። ይህ ሠንጠረዡ ላይ አይጻፍም።

ኦሳካ አጓጉታኝ ነበር። አበበ በ1953 ዓ.ም. እዚያም ሮጦ አሸንፏል። የዛሬው አሲክስ መሥራች ኦኒጹካ ኪሃቺሮ ሆቴሉ ድረስ ሄዶ፣ ለምኖና አግባብቶ ጫማ ያስደረገው ያኔ ነው። ከቶኪዮ በፈጣኑ ባቡር ሁለት ሰዓት ተኩል ነው፤ ባቡሩም ራሱ ሥራ የጀመረው በዚያው በ1957ቱ የቶኪዮ ኦሎምፒክ ዋዜማ ነበር። ግን ሁለት ከተማ በአምስት ቀን ማለት ሁለት ባቡር ጣቢያ ማየት ማለት ነው። ተውኩት።

እናቴ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "እንጀራ ይገኛል?" ይገኛል አልኳት። ካትሱሺካ በሚባለው ወረዳ፣ ዮትሱጊ አካባቢ የእኛ ሰዎች ሰብሰብ ብለው ይኖራሉ፤ የኢትዮጵያ ምግብ ቤትም አለ። ቀን 4 ላይ ጻፍኩት። ጃፓኖች ባዶ እጅ አይወዱም ስለሚባል ለስጦታ ትንንሽ የመንዝ ባና አሠርቻለሁ። እናቴ አጣጥፋ ሻንጣው ሥር አስገባችው፤ "ይበርዳቸዋል" አለች።

ቀረ ቀን 3። አበበ የተነሣበትና የገባበት ስታዲየም የለም፤ በ2007 ዓ.ም. ፈርሶ እዚያው ቦታ ላይ አዲስ ተሠርቷል። ሰሎሞን ባረጋ የኦሎምፒኩን የ10,000 ሜትር ወርቅ ያገኘው፣ መስከረም 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ደግሞ ትዕግሥት አሰፋ የዓለም ሻምፒዮናውን ማራቶን በሁለት ሰከንድ የተቀደመችው በአዲሱ ውስጥ ነው። ቾፉ ያለው መታጠፊያ ግን ምልክት ቆሞለት ዛሬም አለ። መነሻውና መድረሻው ፈርሶ የቀረው መካከሉ ነው። ስለዚህ ከሺንጁኩ በኬዮ ባቡር ቶቢታኪዩ ጣቢያ እወርዳለሁ፤ ምልክቱን አያለሁ፤ ከዚያ በኮሹ ካይዶ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ስታዲየሙ እሄዳለሁ። 21 ኪሎ ሜትር። ሺንጁኩ ሲቃረብ ከጎዳናው በላይ የመኪና ድልድይ ተንጠልጥሎበታል ይላል ካርታው፤ ዝናብ ቢመጣ መጠለያ ይሆነኛል።

ደብረ ብርሃን ስመለስ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ገብቼ ሠንጠረዡን አስተየብኩ። ልጅቷ በሁለት ጣት ሳይሆን በአሥሩም ነው የምትጽፈው፤ የጃፓኑን ስም ሁሉ ሳታቋርጥ ወረደችበት። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ስትደርስ ቆመች።

"ከቶቢታኪዩ እስከ ስታዲየም... በእግር?"

"በእግር።"

"ባቡር የለም እንዴ እዚያ አገር?"

"አለ" አልኳት።

ትከሻዋን ሰበቀችና ጻፈችው። ሁለት ኮፒ አወጣሁ፤ አንዱን ለሽማግሌው።