መኪና በመኪና ውስጥ

ሰሞኑን አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ወደ ቢሮዬ ብቅ አለችና "ውጭ ባቆምኳት መኪና ውስጥ መኪና ትቼ ብውል ምን ይለኛል?" ስትል ጠየቀችኝ። አጠገቤ የነበረው ወጣት ግር ብሎት ሳቀ። እውነቱን ነው። የኛ ሰው ቃሉን ከጣሊያን ከተዋሰው ወዲህ የሚነዳውንም የሚሰፋውንም በአንድ ስም "መኪና" ብሎ ይጠራል። ልጅቱ የምትለው ለእህቷ የገዛችውን የልብስ ስፌት መኪና ነበር። እኔ ግን አልሳቅሁም። "አይሆንም" ብዬ ተነሣሁና ሣጥኑን ራሴ ተሸክሜ ሦስት ፎቅ ወጥቼ ከጠረጴዛዬ ሥር አስቀመጥኩላት። ምን እንዲህ እንዳጣደፈኝ ብትጠይቀኝ ቀልጄ አለፍኩ። ለሷ ያልነገርኳትን ለእናንተ ልንገራችሁ።

እናቴ ሲንጀር ነበራት። ጥቁር፣ ወርቃማ ጽሑፍ ያለባት፣ በእጅ የምትዞር፣ ከነእንጨት ክዳኗ። አባታችን ሲሞት ታናሽ እህቴ ገና ዳዴ አላለችም። እናቴ ዕቁብ ስትጥል ከርማ ዕጣው ሲደርሳት፣ ጎረቤቱ ሁሉ የሚያፈሰውን ጣራ ታስጠግናለች ብሎ ሲጠብቅ፣ እሷ ሲንጀሯን በኩሊ አሸክማ ገባች። አይዛክ ሲንገር የተባለው አሜሪካዊ መኪናውን እ.ኤ.አ. በ1851 ባስመዘገበ ጊዜ ዋጋው በተራ ቤተሰብ የሚቀመስ አልነበረም ይባላል። ኩባንያው በየቤቱ ሊገባ የቻለው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቀስ በቀስ እየከፈሉ መውሰድን ስላስለመደ ነው። እናቴ ይህን ታሪክ አታውቅም። የሷን ሂሳብ የጨረሰላት ዕቁቧ ነው።

ከዚያ በኋላ ጣራው ሲያፈስም ሳያፈስም በላን። የሰፈሩን ልጆች ዩኒፎርም ሰፋች፤ ሽርጥ፣ የትራስ ልብስ፣ የአልጋ መጋረጃ ሰፋች። ጥምቀት ሲቃረብ ሌሊቱን ሁሉ የመኪናዋን ድምፅ እየሰማን እንተኛለን፤ ዝም ካለች ነው የምንነቃው። ማታ ማታ እናቴ አቧራዋን ጠርጋ፣ ክዳኗን ደፍታ፣ ከአልጋዋ ራስጌ ታስቀምጣታለች። ጎረቤት ሊዋሳት ሲመጣ "እሷን ከምሰጥ ልብሳችሁን አምጡና በነፃ ልስፋላችሁ" ትል ነበር። ከቤት ያደረችበት ሌሊት አልነበረም።

በ1994 ዓ.ም. ክረምት መኪናዋ ስፌት ትዘል ጀመር። እኔ ያኔ ሥራ ይዤ አንዲት ያረጀች ቮልስ ገዝቻለሁና "እኔ አሠራታለሁ" ብዬ መርካቶ ወሰድኳት። ባለሙያው ፈታት፣ አጸዳት፣ ዘይት አጠጣት። አመሻሹ ላይ ተቀብዬ ስመለስ ጊዮርጊስ አካባቢ ለቅሶ መድረስ እንዳለብኝ ትዝ አለኝ። ቤት አድርሻት ልመለስ? ዝናቡ መጣሁ መጣሁ ይላል። ግማሽ ሰዓት ብቆይ ነው ብዬ ቮልሷን ከመንገዱ ዳር አቆምኩ።

ቮልስ የነዳ ሰው እንደሚያውቀው ሞተሯ ከኋላ፣ የዕቃ ቦታዋ ከፊት ነው። ያም ቦታ በስኮርታ ጎማውና በነዳጅ ታንኩ ተይዞ ለሣጥኑ አይበቃም። ስለዚህ ሲንጀሯ የኋላ ወንበር ላይ እንደተቀመጠች ጋቢ ደረብኩባት። የተሸፈነ ነገር ከተገለጠው ይልቅ ዓይን እንደሚስብ ያኔ አልገባኝም።

በሩን ስቆልፍ ዐሥር ዓመት የሚሆነው ልጅ ከተፍ አለ።

"ጋሼ፣ ልጠብቅልህ?"

"ጠብቅ።"

"ውስጥ ዕቃ አለ?"

ልጁን አየሁት። ሌባ ቢሆንስ? ለሌባ ቢጠቁምስ?

"ምንም የለም" አልኩት።

ለቅሶ ቤት የገባ ሰው በግማሽ ሰዓት አይወጣም። ንፍሮው መጣ፣ ቡናው መጣ፣ ዝናቡም መጣ። ሁለት ሰዓት ያህል ቆይቼ ስመለስ ልጁ ላስቲክ ተከናንቦ እዚያው ቆሟል። ስፖኪዮው አለ። ፍሬቻዎቹ አሉ። የጎማ ክዳኖቹ አራቱም አሉ። በእግረኛው መንገድ በኩል ያለችው ትንሿ ባለ ሦስት ማዕዘን መስታወት ግን ተፈልቅቃለች። ጋቢው ወለሉ ላይ ወድቋል።

የልጁን አንገትጌ ጨብጬ ነቀነቅኩት። "ሁለት ሰዎች ሣጥን ተሸክመው ሲሄዱ አይቻለሁ" አለኝ እያለቀሰ። "ካንተ መኪና መውጣቱን አላወቅሁም። ምንም የለም ብለኸኝ የለም እንዴ? እኔ ስፖኪዮውን ነበር የምጠብቀው።" ሰው ተሰበሰበ። አንድ ሽማግሌ እጄን ይዘው አስለቀቁኝ።

ፖሊስ ጣቢያ የተረኛው የመጀመሪያ ጥያቄ "ቁጥሯ ስንት ነው?" የሚል ነበር። ሲንጀር ቁጥር አላት፤ በቀኝ በኩል፣ ብረቱ ላይ ተቀርጿል፤ በሱም የት ፋብሪካና በስንት ዓመተ ምሕረት እንደተሠራች ይታወቃል። ያን ያህል ዘመን ባበላችን መኪና ላይ ያለውን ቁጥር ከቤተሰባችን አንድም ሰው አያውቀውም። "ጥቁር ናት" አልኩ። ተረኛው ቀና ብሎ አየኝና "ሁሉም ጥቁር ነው" አለኝ።

ለእናቴ የነገርኳት በማግስቱ ነው። አልጮኸችም። ነጠላዋን ለብሳ "በል እንሂድ" አለች። ምናለሽ ተራ ወረድን። በዚያ ሰፈር ያን ያህል ጥቁር ሲንጀር ይኖራል ብዬ አስቤ አላውቅም። እኔ የምፈልገው የከሰል ካውያ ያሳረረውን የእንጨት ጥግ ነበር። እናቴ ግን እንጨቱን አታይም። እጀታውን ሁለት ሦስቴ አዙራ ጆሮዋን ታዘነብልና "የኔ አይደለችም" ብላ ታልፋለች። በሦስተኛው ቀን አንዷን አዙራ ብዙ ቆየች። ልቤ ቆመ። "የኔ አይደለችም" አለች በመጨረሻ። "ይቺንም ግን የሚፈልጋት ይኖራል። ይብቃን።"

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ እኔ ከዚያ ወዲህ ብዙ ዐወቅሁ። ሌባ ባይመጣ እንኳ መኪና ለስፌት መኪና ጥሩ ማደሪያ አይደለም። በጠራራ ፀሐይ መስታወቱ የተዘጋ መኪና እንደ ምድጃ ይግላል፤ የዛሬዎቹን የስፌት መኪናዎች ፕላስቲክ ያጣምማል፣ ኤሌክትሮኒክስ ዕቃቸውን ይጎዳል። ክረምት ላይ ደግሞ እርጥበቱ ብረቱን ያዝገዋል፣ የእንጨቱን ክዳን ያሳብጠዋል። ሳይታሰር የኋላ ወንበር ላይ የተቀመጠ ከዐሥር ኪሎ በላይ የሆነ ብረት ደግሞ ፍሬን በድንገት ሲያዝ የት እንደሚያርፍ አይታወቅም። የግድ ከሆነ ከዓይን በራቀ ቦታ፣ ወለሉ ላይ፣ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። ቁጥሩን ደግሞ ዛሬውኑ ደብተራችሁ ላይ ጻፉት።

ከዓመት በኋላ ተዋጥተን በኤሌክትሪክ የምትሠራ ገዛንላት። ሰፋችባት፤ አላማረረችም። ከራስጌዋ ግን አላስቀመጠቻትም። ስለ ሲንጀሯም አንድም ቀን ወቅሳኝ አታውቅም። አንድ ቀን ብቻ፣ ቁልፍ እየተከለችልኝ ሳለ፣ ቀና ሳትል "ያ ልጅ ገንዘቡን ሰጠኸው?" አለችኝ።

"የትኛው ልጅ?"

"ያ ሲጠብቅልህ የነበረው።"

"እማዬ፣ አሰርቆኝ ገንዘብ ልስጠው?"

"ስፖኪዮህ ተሰረቀ?"

ዝም አልኩ።

"ጠብቅ ያልከውን ጠብቋል" አለችና ክሩን በጥርሷ በጠሰችው።

በሳምንቱ ጊዮርጊስ ሄድኩ። ሌሎች ልጆች ነበሩ። በሌላም ቀን ሄድኩ። አላገኘሁትም።

ባልደረባዬ ያን ዕለት ማምሻውን ሣጥኗን ልትወስድ መጣች። አብሬያት ወረድኩ። በሩ ላይ ጥበቃው አስቆመንና "ምንድን ነው ይሄ?" አለ።

ልጅቱ እኔን አየችኝ።

"የስፌት መኪና ነው" አልኩት። "ከባድ ነው፤ እስቲ አግዘን።"