ዘንጉ ያልለካቸው

ከቦንጋ ተነስቶ በውሽውሽ የሻይ ማሳ በኩል ወደ ሚዛን ያለፈ ሰው ሺሺንዳን ያውቃታል። ከዋናው መንገድ ወጣ ሲሉ ጫካ፣ ቡናና እንሰት ነው። ቤቶቹ የተራራቁ ናቸው፤ ክረምት ሲገባ ጭቃው እግር አያስነሳም። ያን ጭቃ አቋርጦ በየቤቱ የደረሰ መድኃኒት ቢኖር የኦንኮ ኪኒን ነው።

ኦንኮ፣ በሙሉ ስሙ ኦንኮሰርኪያሲስ፣ በወራጅ ወንዝ ዳር የምትራባ ጥቁር ዝንብ የምታስተላልፈው ትል የሚያመጣው በሽታ ነው። በአገራችን መኖሩ መጀመሪያ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1939 በዚሁ በደቡብ ምዕራብ ሲሆን፣ እኛ ዘንድ ዓይን ከማጥፋት ይልቅ ቆዳ በማሳከክና በማበላሸት ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ2001 ኪኒኑ፣ አይቨርሜክቲን፣ በካፋና በሸካ መታደል ጀመረ። አከፋፋዮቹ ሕዝቡ ከመካከሉ የመረጣቸው የሰፈር ሰዎች ናቸው። መዝገብና ቀለም የተቀባ ዘንግ ይዘው ከቤት ቤት ይዞራሉ። ሰው ጫማውን አውልቆ ከዘንጉ ጎን ይቆማል፤ ቁመቱ የደረሰበት ቀለም ስንት ፍሬ እንደሚውጥ ይወስናል። ከ90 ሴንቲ ሜትር የሚያንስ ሕፃን፣ ነፍሰ ጡርና በጠና የታመመ ሰው ይቀራሉ። ሌላው እዚያው ውሃ ተሰጥቶት ይውጣል፤ ስሙ ላይ ምልክት ይደረጋል።

አንጀቴን የሚያሳርረው ይህ መዝገብ ነው። በካፋ ገጠር ማን ከማን ጋር እንደሚኖር፣ ማን እንደተወለደ፣ ማን እንደሞተ፣ ማን እንደታመመ በየዓመቱ የሚጽፍ ሰው ነበረን። የአካባቢው ልጅ ስለሆነ ቋንቋውን ያውቃል፣ ቤተሰቡም ያምነዋል። ያ ሰው አንዲት ጥያቄ ብቻ ቢጨምር ኖሮ! «እዚህ ቤት የሚጥለው ሰው አለ?» ብሎ የሚጠይቅበት አንድ ዓምድ በመዝገቡ ላይ ቢሰመር ኖሮ!

የሚጥለው ሰው ነበረ። የአክስቴ ልጅ አንዷ ናት። አከፋፋዩ ሲመጣ እናቷ ጓዳ ታስገባትና «ታማለች» ትላለች፤ እውነቷን ነው፣ ታማለች። እሱም የታመመ አይወስድም ተብሎ ስለተነገረው ጽፎ ያልፋል። ልጅቷ ትምህርት ቤት አረፋ ደፍቃ ከወደቀች በኋላ ወንበር የሚጋራት አልተገኘም፤ ለሃጯ የነካው ይይዘዋል ተባለ። አንድ ቀን ቡና ስትቆላ ጣላት፤ እጇ ፍም ላይ አረፈ። የደረሱት ሰዎች እጇን ከእሳቱ ከማንሳታቸው በፊት ክብሪት ጭረው ጭሱን ሊያሸቷት ይሽቀዳደሙ ነበር። ግራ እጇ እስከ ዛሬ አይዘረጋም።

መድኃኒቱ አዲስ አይደለም። ፌኖባርቢታል የሚጥል በሽታን እንደሚያቆም ጀርመናዊው ሐኪም አልፍሬድ ሃውፕትማን ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1912 ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ሰው የዓመት ወጪው ከ5 ዶላር በታች ሊሆን እንደሚችል፣ በአግባቡ ከታከሙ ታማሚዎችም እስከ 70 በመቶ የሚሆኑት ሳይወድቁ መኖር እንደሚችሉ ይናገራል። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ ዙሪያ ከቤት ቤት አስጠንተው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1990 ሲያሳትሙ፣ ከ1000 ሰው 5 ያህሉ በሽታው እንዳለበት፣ በዘመናዊ መድኃኒት የታከመው ግን ከመቶ 2 እንኳ እንደማይሞላ አሳይተው ነበር። በጎንደርና በጅማ ዙሪያም ነርሶች በገጠር ጤና ጣቢያ ሆነው ይህንኑ ኪኒን እየሰጡ መከታተል እንደሚችሉ በተግባር ታይቷል። ስፔሻሊስት መጠበቅ አላስፈለገም ነበር!

ባሕር ማዶ ያሉ አንዳንድ ቤተሰቦች ከኪኒኑ ጎን «ደጋፊ» እያሉ ሆሚዮፓቲ ይጨምራሉ። ሳሙኤል ሃነማን እ.ኤ.አ. በ1796 የጀመረው ዘዴ ነው፤ አንዱን ጠብታ በ100 ማቅጠን፣ ከዚያ የቀጠነውን እንደገና ማቅጠን፣ አንዳንዴም 30 ጊዜ መደጋገም። መጨረሻ ላይ ከመነሻው ነገር አንዲት ቅንጣት የመቅረት ዕድሏ ከምንም አይቆጠርም። የአውስትራሊያ የሕክምና ምርምር ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2015 ጥናቶቹን መርምሮ ሆሚዮፓቲ የሚሠራበት አስተማማኝ ማስረጃ ያለው አንድም በሽታ አላገኘም። ያም ሆኖ ኪኒኑን እየዋጠ የሆሚዮፓቲ የስኳር ፍሬ የሚጨምር ሰው ኪኒኑ አለው። የሚያስፈራው የተተወ ጊዜ ነው፤ ፌኖባርቢታል በድንገት ሲቋረጥ መንቀጥቀጡ ያለ ፋታ ተከታትሎ ነፍስ ሊያጠፋ ይችላል።

እኛ ዘንድ ደጋፊው ሞልቷል፤ ፀበሉ አለ፣ ጸሎቱ አለ፣ የባህል መድኃኒቱ አለ። አክስቴ ሁሉንም አዳርሳለች፤ ለዚያም በግ ሸጣለች። አልፈርድባትም፣ ሌላ በር ያሳያት አልነበረም። በ1999 ዓ.ም. አካባቢ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ፀበልና የኤችአይቪ መድኃኒት አብረው መወሰድ እንደሚችሉ በአደባባይ ሲናገሩ ስንት ሰው ከሞት ተርፏል ብዬ አስባለሁ። ያ ቃል ያኔውኑ ለሚጥል በሽታም በዚያው ድምፅ ተነግሮ ቢሆን፣ አክስቴ አንዱን ለማግኘት ሌላውን የምትተው አይመስላትም ነበር።

ከሁሉ የሚብሰኝ ደግሞ ይህ ነው። በካሜሩን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ በሰውነታቸው ያለው የኦንኮ ትል መጠን የተለካ ልጆች ከሩብ ምዕተ ዓመት በኋላ ሲጠየቁ፣ ብዙ ትል የነበረባቸው በኋላ የሚጥል በሽታ የያዛቸው ይበልጥ ሆነው ተገኙ። ከታንዛኒያ፣ ከኡጋንዳና ከደቡብ ሱዳንም ተመሳሳይ ነገር ተዘግቧል። በካፋ የወደቀ ሁሉ በዚህ ምክንያት ወደቀ አልልም፤ በወሊድ ጊዜ የታፈነ፣ ማጅራት ገትር የያዘው፣ ጭንቅላቱን የተመታም አለ። ግን ስለ ትሉ ሊያክም በራፍ ላይ የቆመ ሰው ስለ ሚጥል በሽታ ለመጠየቅ ከዚህ የተሻለ ምን ምክንያት ያገኝ ነበር?

የአክስቴ ልጅ ኪኒኑን የጀመረችው ካደገች በኋላ ነው። ሥራ ፍለጋ ከተማ የወጣ ወንድሟ በአጋጣሚ ሰምቶ ወሰዳት። ከጀመረች ወዲህ አልፎ አልፎ ካልሆነ አይጥላትም። ያን ሁሉ ዓመት ያስፈለጋት ይኸው ነበር፤ በየቀኑ የምትዋጥ ፍሬ። የመጀመሪያው ዘንግ ሲቆም 6 ዓመት የነበረው፣ የሚጥለው ልጅ አሁን 30 ሞልቶታል። ትምህርቱ አልፎታል፣ እኩዮቹ ወልደው ከብደዋል፣ እሱን ግን ዛሬም ብቻውን ወንዝ አያሻግሩትም፣ እሳት አጠገብ አያስቀምጡትም። የእኛ ቤቷ በአጋጣሚ ተገኘች። ወንድሙ ከተማ ያልወጣለትስ?