በቴፒ ዝናብ የከረመ ዱቄት

ባለፈው ክረምት ልጄን ለመጠየቅ ከአዲስ አበባ ወደ ቴፒ ስሄድ፣ ከዕቃዬ ሁሉ የከበደኝ አምስት ኪሎ ምጥን ዱቄት ነበር። ስንዴውን፣ በቆሎውን፣ ሽምብራውንና ኦቾሎኒውን ራሴ ለቅሜ፣ ቆልቼ፣ አስፈጭቼዋለሁ። የሰባት ወር የልጅ ልጄ የሚበላው የሱቅ የቆርቆሮ ምግብ መሆኑን ስሰማ አላስችል ብሎኝ ነው። ጡረታ የወጣች ነርስ አያት ስትሆን ታስቸግራለች።

ሚዛን አማን አድሬ በማግስቱ የቴፒን መኪና ያዝኩ። መንገዱ በሸኮ በኩል፣ በደንና በቡና መሀል ያልፋል። ቡናው በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ነው። ቴፒ ስደርስ ሙቀቱና እርጥበቱ እንደ እንፋሎት ተቀበለኝ። ገበያው ሙዝ፣ አቮካዶ፣ ጎደሬ፣ ኮረሪማ ሞልቶታል። እኔ ግን ዓይኔ ዱቄቴ ላይ ነበር።

ልጄ ከወሊድ በኋላ የሚሰጠው 90 ቀን ሲያልቅ ሥራ ገብታለች፤ ሕፃኑን የምትይዘው ሞግዚት ናት። ማታ የቆርቆሮውን ምግብ ስታዘጋጅለት አየኋት። እንዲበረክትላት ብላ፣ ቆርቆሮው ላይ ከተጻፈው መጠን ግማሹን ብቻ ነው የምትበጠብጠው። ከማንኪያው እንደ ውሃ ይንጠባጠባል። «እማዬ፣ አንዱ ቆርቆሮ ስንት እንደገባ ታውቂያለሽ?» አለችኝ።

ጤና ጣቢያ ስሠራ፣ ሆዱ እየሞላ ክብደቱ አልጨምር ያለ ሕፃን ሲመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው የገንፎውን ውፍረት ነበር። የሕፃን ሆድ ትንሽ ናት፤ ውሃ ከሞላት ምግቡ የት ይገባል? ቆርቆሮው ጥፋት የለበትም። እኛስ ልጆቻችንን ያሳደግንበት ፋፋ የፋብሪካ አይደለም እንዴ? ከስዊድን ጋር በተደረገ ትብብር የተጀመረ፣ ስንዴው ላይ ጥራጥሬና የወተት ዱቄት የተጨመረበት ምግብ ነበር።

አከራይዋ እትዬ ደግሞ የቡላ አጥሚት ማር ጠብ አድርገውበት ይዘው መጡ። «ሲስተር፣ እኛ ልጆቻችንን በዚህ ነው ያሳደግነው» አሉኝ። እጃቸውን መመለስ ከበደኝ። ቡላ ጉልበት ይሰጣል፤ ሕፃን የሚያድግበት ፕሮቲን ግን እጅግ ጥቂት ነው ያለው። ማር ደግሞ ዓመት ላልሞላው ልጅ ጨርሶ አይሰጥም፤ ቦቱሊዝም የሚባል፣ ሰውነትን የሚያሽመደምድ መመረዝ ሊያመጣ ይችላል። «ማሩን ዓመት ሲሞላው ከእርስዎ እጅ ይቀምሳል» አልኳቸው። ቅር እንዳላቸው ከፊታቸው አስታውቋል። ጥቂት ቀን ቆይተው ግን ሁለት የሐበሻ እንቁላል ይዘው መጡ።

በዚህ መሀል እኔ በዱቄቴ እየተኩራራሁ ገንፎውን አገነፋ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ከረጢቱን ስከፍት የረጠበ ግድግዳ ሸተተኝ። እጄን ብሰድ ተጓጉሏል። አዲስ አበባ ወር የሚቆይ ዱቄት በቴፒ ዝናብ ሻግቷል። በቆሎና ኦቾሎኒ ላይ የሚወጣ ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ሊያመነጭ ይችላል፤ ጉበት ይጎዳል፣ ቢያፈሉትም አይጠፋም። የሱቁ ምግብ ክዳኑ ተገጥሞ እንደ ደረቀ ተቀምጧል! ልጄ አይታኝ ምንም አላለችም፤ ያ ዝምታዋ ከስድብ ባሰኝ። ለዶሮም አልሰጠሁትም፤ ጓሮ ቆፍሬ ቀበርኩት።

ከዚያ ገበያ ወጣሁ። ከዚያው ከአገሩ በቆሎና ቦሎቄ ገዛሁ፤ ሦስት እጅ በቆሎ፣ አንድ እጅ ቦሎቄ። በደንብ ደርቆ፣ ተቆልቶ፣ የሚፈጨው የሁለት ሳምንት ብቻ ሆነ። ሲቀርብ እንቁላል ወይም አቮካዶ ይገባበታል። ቆርቆሮውንም አልጣልነውም፤ መንገድ ሲሄዱና ወፍጮ ቤት መብራት ሲጠፋ ይጠቅማል። ለሞግዚቷ ግን ሙሉ ማንኪያ ምን ያህል እንደሆነ አሳየኋት፤ ከጡቱም ጎን ለጎን እንደሚሰጥ ነገርኳት።

ትናንት ልጄ ደወለችልኝ። ልጁ ዘጠኝ ወር ሞልቶታል። «እማዬ፣ ማንኪያውን ብዘቀዝቀውም ገንፎው አይወርድም» አለችኝ። ከኋላዋ እትዬ «ለሲስተር ማሩ እየጠበቀ ነው በያት» ሲሉ ይሰማኛል።