የሮብ ስምና የይፋት ቆላ

ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ የደሴን መንገድ የያዘ ሰው ጣርማ በር ሲደርስ ከባሕር ጠለል 3000 ሜትር አልፎ ይቆማልና ብርዱን በጋቢ ይመክታል። ዋሻውን አልፎ፥ ደብረ ሲናን ተሻግሮ፥ ጠመዝማዛውን ቁልቁለት ወርዶ ሸዋ ሮቢት በደረሰ ጊዜ ግን ከፍታው ወደ 1300 ሜትር ያህል ዝቅ ብሏልና ጋቢውን አጥፎ ጥላ ይፈልጋል። ገብስና ባቄላ ከኋላው ቀርተው ማሽላና ማሾ ይቀበሉታል። መንገደኛው የአየሩን መለወጥ ወዲያው ያስተውላል፤ የአገሩን ስም ግን ሳይመረምር ያልፋል። ስም ደግሞ ብዙ ጊዜ ከድንጋይ ሐውልት ይልቅ ዕድሜ ያለው የታሪክ መዝገብ ነው።

ከተማይቱ ወደ አዋሽ በሚወርደው በሮቢ ወንዝ አጠገብ ትገኛለች። ሮቢት የሚለውን ስም አማርኛ ተናጋሪ ሲሰማው ሮብን ያስባል። በኦሮምኛ ግን ሮቢ ማለት የረቡዕ ቀንም ነው፥ ጉማሬም ነው። ስለዚህ ስሙ ከገበያ ቀንም ከወንዝ አውሬም ጋራ ሊዛመድ ይችላልና የአገሩን ሽማግሌ ሳይጠይቁ አንዱን ብቻ ይዞ መፍረድ አይገባም። ከዚያ ወደ ሰሜን ያለችው የሰንበቴ ስምና ገበያ ግን ይስማማሉ፤ ገበያዋ የሚቆመው በሰንበት በእሑድ ነውና። በዚያም ደገኛና ቆለኛ፥ አማራና አርጎባ፥ ኦሮሞና አፋር ተገናኝተው ይገበያያሉ።

ሮብ የምንለው ቀን በግዕዝ ረቡዕ ይባላል፤ አራተኛ ማለት ነው። ዐረቦችም ከዚሁ ሥር አውጥተው አርቢዓእ ይሉታል። ፍጥረትን ከእሑድ ጀምሮ ለሚቈጥር ሰው ፀሐይና ጨረቃ የተፈጠሩበት ዕለት ነው። እኛ ቀኑን በቍጥር ስንጠራው ሌሎች ሕዝቦች ግን በአማልክት ስም ጠርተውታል። ሮማውያን መርኩሪ ለሚሉት ለንግድ አምላካቸው ሰጡት፤ የሰሜን አውሮፓ ሕዝቦችም በእርሱ ፈንታ የራሳቸውን ኦዲንን አኖሩበት። ይህንኑ ጣዖት እንግሊዞች ዎደን ይሉት ነበርና ዌንስዴይ የዎደን ቀን ማለት ነው። የስሙም ትርጓሜ ቍጣን፥ እንዲሁም ባለቅኔን የሚይዘውን የመንፈስ ግለት ያመለክታል። ከጥበብ ምንጭ ለመጠጣት አንድ ዓይኑን መያዣ አድርጎ እንደ ሰጠ በተረት ይነገርለታል። ዛሬ ግን ስሙን በየሳምንቱ ሲጠሩ ጣዖቱን የሚያስቡ ጥቂቶች ናቸው።

በአይስላንድ ደሴት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1106 እስከ 1121 ጳጳስ የነበረው ዮን ኦግሙንድሶን የጣዖታቱን ስም ከሳምንቱ ቀኖች እንዳስወገደ ይነገራል፤ በእርግጥም በዚያ አገር ሮብ እስከ ዛሬ የሳምንት እኩሌታ ቀን ይባላል። ቢሆንም የጥንቱ ታሪክ አልጠፋም፤ 100 ዓመት ያህል ቈይቶ የዚያው አገር ሊቅ ስኖሪ ስቱርሉሶን በመጽሐፍ ጻፈው። ስሙ ከቀኑ ቢፋቅም ጽሕፈት ታሪኩን አዳነው።

የይፋትም ነገር ይህን ያስታውሳል። የወላስማ ሥርወ መንግሥት ከ1277 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ይህን ቆላና ተዳፋቱን ገዝቷል። በ1324 ዓ.ም. ዐፄ ዓምደ ጽዮን ሰብረዲንን ድል አደረጉ፤ በኋላ ዘመንም የወላስማ ልጆች ወደ ምሥራቅ ሄደው በአዳል ነገሡ። ከጥንት ከተሞቻቸው፥ እንደ ኖራና እንደ አስበሪ ባሉት ስፍራዎች፥ የመስጊድና የቤት ፍርስራሽ ብቻ ቀርቷል። ግንቡ ፈረሰ፤ ይፋት የሚለው ስም ግን በገበሬው አፍ ሳይፈርስ ኖረ።

እንግዲህ በመዝገብ የቦታ ስም የሚጽፍ ሹም ፊደሉን ከማሳመሩ በፊት ሽማግሌ ጠይቆ ስሙን ከነምክንያቱ ይጻፍ፤ አባትና እናትም የወንዛቸውንና የመንደራቸውን ስም ትርጓሜ ለልጆቻቸው ያስተምሩ። ዛሬ በአንድ ጥያቄ የሚገኘው ነገር፥ የሚያውቀው ሰው ካለፈ በኋላ በብዙ ድካም አይገኝምና።