በብሩሽ የምትናገር ከተማ

ከጅግጅጋ ተነስቼ በቶጎጫሌ በኩል የሶማሊላንድ ዋና ከተማ ሐርጌሳ ስገባ ዓይኔ የአዲስ አበባን ማታ ለምዷል፤ የባንኮቹ ፎቅ በኤልኢዲ ሲንቦገቦግ፣ የአደባባዩ ስክሪን ማስታወቂያ ሲቀያይር። ሐርጌሳ ግን ሥራዋን በየሱቁ ፊት ላይ በቀለም ስላ አሳየችኝ። በመጀመሪያው ጎዳና ላይ ልቤን ወሰደችው።

የጥርስ ሐኪም ቤት ግድግዳ ላይ ሥሩ የወጣ መንጋጋ ተስሏል። ምግብ ቤቱ ላይ ግመል ከነወተቱ፤ የወተቱ አረፋ ሳይቀር በነጭ ነጠብጣብ ተሠርቷል። የኤሌክትሮኒክስ ሱቁ ካውያውን፣ ጁስ መፍጫውን፣ ስልኩን በቆርቆሮ በሩ ላይ ደርድሯል። ሱቁ ዝግ ቢሆንም ዕቃው ይታያል። የጫት መሸጫዎቹም «571» የሚለውን የጫት ድርጅት ስም በትልቁ ጽፈዋል፤ የጫት ገበያዋን አወዳይን ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ የቤት ያህል ነው።

ሶማልኛ በላቲን ፊደል በይፋ መጻፍ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1972 ነው። ጽሑፉ ገና ወጣት ነውና፣ ፊደል ላልቆጠረ፣ ከብቱን ነድቶ ገበያ ለሚወጣ አርብቶ አደር ሥዕሉ ይበቃዋል። ትልልቆቹ የሐዋላና የስልክ ድርጅቶች፣ ዳሃብሺልና ቴሌሶም፣ ሳይቀሩ በዚሁ ጎዳና ስማቸውን በቀለም ያስጽፋሉ። ቴሌሶም እ.ኤ.አ. በ2009 ዛድ የተባለውን የሞባይል ገንዘብ ከጀመረ ወዲህ፣ ባለሱቆች የመክፈያ ቁጥራቸውን ከሥዕሉ አጠገብ ይጽፋሉ። ዛድ የሌለኝ እኔ ግን ለሻይ የሽልንግ እስር ስቆጥር ዋልኩ።

መሃል ከተማ ያለው የሚግ አውሮፕላን ሐውልት መቆሚያም በሥዕል ተሸፍኗል፤ እ.ኤ.አ. በ1988 ከከተማዋ ከራሷ አየር ማረፊያ እየተነሱ ሐርጌሳን የደበደቡት የሶማሊያ መንግሥት ጄቶች ያደረሱት ጥፋት መታሰቢያ ነው። ሕዝቡ ያኔ ወደ እኛ አገር፣ ወደ ሐርተሼክ ተሰደደ። ከሐውልቱ ሥር ቆሜ ብዙ አየሁ። ከተማዋ ያለፈችበትንም የምትሸጠውንም የምትናገረው በአንድ ዓይነት ቀለም ነው፤ ይህን የሚያህል ነገር በየትኛውም ስክሪን ላይ አላየሁም።

ገበያው ዳር መሰላል ላይ የወጣ ሠዓሊ አገኘሁ። አማርኛ ይችላል፤ በስደት ጅግጅጋ አድጓል።

«ወንድሜ፣ ይሄ ስንት ጊዜ ይቆያል?» አልኩት።

«ዕቃው እስኪለወጥ ነዋ! እዚህ ጋ መጀመሪያ የሳልኩት ቴፕ ነበር፤ ከዚያ ስልክ። አሁን ባለሱቁ ሶላር አምጥቷል።»

ሶላሩን ከስልኩ በላይ ሊስለው አንድ ደረጃ ወጣና «መሰላሉን ያዝልኝ» አለኝ። ያዝኩለት።